በዘርአጽዮን ስም

«ጓድ ትርሓስ፣ የመንግሥት ንብረት እዚህ ቤት ቀርቷል» አለ ዱባለ፣ ከጎኗ ፍራሹ ላይ እየተቀመጠ። ሽጉጡ ሲቆረቁረው ወደ ፊት አዞረው።

ትርሓስ ቀና ብላ አላየችውም። የባሏን የዘርአጽዮንን መርዶ ከሰማች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ድምጿ ተዘግቷል።

«የምን ንብረት?»

«ፊልም። ኅዳር ላይ እንግዳው ፕሬዚዳንት ሲመጡ ያነሳው። ሌሎቹ ቆርቆሮዎች መዝገብ ቤት ገብተዋል፤ አንዷ የለችም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ሠልስት ነው። ሰው ሳይበተን ብትሰጪኝ ለሁላችንም ደግ ነው። ወንድምሽ ዓንዶምም ወጣት ነው፤ ለወጣት ዘመኑ ከፍቷል።»

ተነስቶ ለለቀስተኛው «እግዜር…» ብሎ ጀመረና አፉን ሰብስቦ «አብዮቱ ያጽናችሁ» አለ። ዓንዶም ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። የእህቱን ባል ሊያለቅስ ከመቀሌ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ምንም አያውቅም።

ዱባለ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው። ከአብዮቱ በፊት ለእድሩ ድንኳን ይተክል ነበር፤ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። አሁን ድንኳን ለማን እንደሚተከልና ለማን እንደማይተከል የሚወስነው እሱ ሆነ። በዚያ በ1970 ዓ.ም. «ፀረ አብዮት» ተብሎ ለተረሸነ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ያለቀሰች እናት ልጇን ትከተላለች። ዘርአጽዮን ግን የመንግሥት ካሜራ ተሸክሞ ጅጅጋ ግንባር ላይ መድፍ የበላው ጀግና ነው። አስከሬኑ ባይመጣም ድንኳን ተፈቀደለት።

የተፈቀደ ለቅሶ መኖሩን የሰማ ሁሉ መጣ። ከገርጂ መጡ፣ ከኮተቤ መጡ፣ ትርሓስ አይታቸው የማታውቃቸው ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «ዘርአጽዮን! ጢምህ ሳይበቅል!» ትላለች አንዷ። ዘርአጽዮን አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አናቱም መላጣ። «ዘርአጽዮን! የማትሪክ ውጤትህን ሳታይ!» ትላለች ሌላዋ፣ ፊቷን እየነጨች። የሚያርም ሰው የለም። ትርሓስ መጀመሪያ ተናደደች፤ ባሌን ቀሙኝ አለች በሆዷ። ከዚያ በስሙ የገዛ ልጆቻቸውን እንደሚያለቅሱ ገባትና ባሏን ለአገሩ እናቶች አዋሰች።

ከመጡት ሁሉ አንዲት ሴት ብቻ አታለቅስም። እትዬ ምንትዋብ፣ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። አንድ ልጇ ነህምያ ኅዳር ላይ ከተወሰደ ወዲህ አልተመለሰም። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ወጥ ታማስላለች፣ ሽንኩርት ከታፊዎቹን ትቆጣለች፣ ረፋዱ ላይ ምሳ ዕቃዋን ሞልታ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ትሮጣለች። ስትመለስ ፊቷ ይበራል።

«ዛሬም ስንቁን ተቀበሉኝ» አለቻት ትርሓስን፣ ጆሮዋ ሥር። «የሞተ ሰው ስንቅ ይመለሳል፤ የማያውቅ የለም። የእኔ ምሳ ዕቃ ባዶውን ነው የሚመጣ፣ ተጠርጎ! እሱ ሲፈታ፣ ድሬው ነው ባልሽን የማለቅስልሽ፤ አሁን ሟርት ይሆንብኛል፣ ትርሓስዬ።»

 ትርሓስ ግን ነህምያ መሞቱን በዓይኗ አይታለች።

ዘርአጽዮን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የሚመጣውንና የሚሄደውን መሪ ሲያነሳ ኖረ። ዓለምን ማየት የሚያውቀው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ እሷንም ቡና ስታቀርብለት ሳይታወቀው አንዱን ጨፍኖ ያያታል። በዚህ ትስቅበት ነበር። ትወደው ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የቆዩ ፊልሞችንም የሚጠብቀው እሱ ነው፤ የጄኔቭ ስብሰባ፣ የጣሊያን አውሮፕላን የሚጥለው ቦምብ፣ የአፍሪካ መሪዎች ሳቅ። «መደርደሪያው ላይ ሁሌ እንዲያ ነው» ይላት ነበር። «አንዱን ቆርቆሮ ስትከፍቺ ይጨባበጣሉ። አጠገቡ ያለውን ስትከፍቺ ሬሳ ነው።»

ኅዳር ላይ ሁለቱ በአንድ ቆርቆሮ ገቡ። የዚያን ዕለት ለእንግዳው ክብር የቦሌ መንገድ ሬሳ ገና ሲነጋ ተለቅሞ፣ ደሙ ላይ አሸዋ ተበትኖ፣ ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ ተሰለፈ። ዘርአጽዮን መኪና ጣሪያ ላይ ሆኖ ያነሳል። ነህምያ ባንዲራውን ጥሎ ሊሄድ ሲል ዱባለ አንገቱን ይዞ ከሰልፉ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ከተተው። ሽጉጡን ጆሮው ላይ አድርጎ ተኮሰ። ልጁ ወድቆ እንደገና በእጁ ተመርኩዞ ሊነሳ ሞከረ። ዱባለ ጥይት መድገም አልፈለገም፤ እንግዳው እየደረሱ ነው፤ ድንጋይ አንስቶ ጨረሰው። ማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ ፊት ያሉት ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ አንድም ሰው አልዞረም። ዱባለ እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ቀና አለና ካሜራውን አየ።

«እጄ የካሜራውን ማቆሚያ አልጫን አለኝ» አለ ዘርአጽዮን፣ ቤት እንደገባ። ፊልሙን ራሱ አጥቦ ለትርሓስ አሳያትና በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረው። ብዙም ሳይቆይ ግንባር ዝመት ተባለ። ሲሰናበታት «መርዶው የእኔ ነው፤ ለእትዬ ምንትዋብ ስመለስ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለ።

አልተመለሰም። አሁን መርዶው የትርሓስ ሆነ። ፊልሙን ለዱባለ ካልሰጠች ወንድሟን ይወስድባታል። ከሰጠች ደግሞ ምንትዋብ እስክትሞት የልጇን ገዳዮች ስትቀልብ ልትኖር ነው፤ ስንቅ እየተቀበሏት ልጅሽ የለም ብትባል ማንን ታምናለች?

በሠልስቱ ማለዳ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ ምንትዋብን እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻት። በርበሬውን ዛቀች። ፊልሙን ተርትራ መስኮቱ ላይ ዘረጋችና የዘርአጽዮንን ማጉያ መነጽር ሰጠቻት።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

ምንትዋብ ጎንበስ አለች። «አውሮፕላን ነው። ይሄ ባንዲራ ነው። ይሄ… ምን ፊቱ ጠቁሮ ጸጉሩ የነጣ ሽማግሌ ነው? ውይ፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የያዘው?»

«ፊልሙ ገና ስላልታተመ ነው፣ እትዬ። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።»

«ሽማግሌ ነው እንጂ» አለች ምንትዋብ፣ ቶሎ ብላ። «ጸጉሩ ጥጥ መስሎ! የሰው አባት ነው፣ ምስኪን።» መነጽሩን ግን አልመለሰችም። ወደ ታች ሄደች፣ አንድ ሥዕል፣ ሌላ ሥዕል። ልጁ በእጁ ተመርኩዞ ሊነሳ የሚሞክርበት ጋ ስትደርስ መነጽሩን አቆመች። «ግራኝ ነው» አለች። «በግራው ነው የሚነሳው።» ደግሞም ድንጋዩን አየች።

 ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ማነው ታዲያ የሚበላው?» አለች በሹክሹክታ። «ትርሓስ፣ ምሳውን ማነው የሚበላብኝ?»

ትርሓስ አቅፋት አብራት አነባች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንባ ከልቧ የወጣላት ያን ጊዜ ነው። ከደጅ የዱባለ ድምፅ ተሰማ። «እትዬ፣ የነህምያን ስም እንዳይጠሩ» አለቻት። «እርስዎንም እኛንም ይጨርሰናል።»

ፊልሙን ጠቅልላ ወደ ቆርቆሮው መልሳ ወጣችና ድንኳኑ በር ላይ ሰጠችው። ዱባለ ክዳኑን ሲከፍት በርበሬው አስነጠሰው። ጫፉን ወደ ሰማይ አንስቶ አየ፣ ፈገግ አለ። ቆርቆሮውን ብብቱ ውስጥ ከቶ «አሁን በሰላም እዘኑ» አለ።

በዚህ መሃል ምንትዋብ ከጓዳ ወጣች። ጸጉሯ ተበትኗል። ድንኳኑ መሃል ቆመች፣ ዱባለን ፊት ለፊት አየችው፣ አፏን ከፈተች። 

«ዘርአጽዮን!» አለች ምንትዋብ።

ዱባለ ዞረ።

«ዘርአጽዮን ልጄ! ባንዲራ አስይዘው የገደሉህ! በድንጋይ የቀጠቀጡህ! ስንቅህን ማን በላው፣ ዘርአጽዮን! እኔ ቀቅዬ ያበላሁት ማንን ነው!» ደረቷን በቡጢ ደቃች፣ ራሷን ከድንኳኑ ምሰሶ አጋጨች። ግንባሯ ደማ። ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው «ዘርአጽዮን!» አሉ፤ ድንኳኑ ተናወጠ።

የዱባለ እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ሰው ሁሉ የሚጠራው ራሱ ድንኳን የተከለለትን ጀግና ነው። ዓንዶምን አየ፣ ትርሓስን አየ፣ ምንትዋብን ማየት ግን አልቻለም። ብብቱን ጨብጦ ወጣ።

ትርሓስ ምንትዋብን ከምሰሶው አላቀቀቻትና ደሟን በመዳፏ ጠረገችላት። የሟች ቤተሰብ ወደሚቀመጥበት ፍራሽ ወስዳ በራሷ ቦታ አስቀመጠቻት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን ወደ አንገቷ ገልብጣ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ አለበሰቻት። እሷም ሄዳ ከለቀስተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።