ዜሮ ነጥብ ሦስት

ይመር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ መድረክ ላይ ሲወጣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ከስብከት በፊት የምስክርነት ሰዓት አላት፤ ጌታ ያደረገለት ይወጣል፣ ይናገራል፣ ጉባኤው ያመሰግናል። የይመር ወረቀት የደም ምርመራ ውጤት ነበር። «ሕክምና ስጀምር አርባ ሁለት የነበረው ቁጥር ዛሬ አንድ ነጥብ አራት ገብቷል» አለ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ባለቤቴ ተናኘ አለቀሰች። እኔ ከቀዶ ሕክምና ስወጣ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

እኔና ይመር ጎረቤታሞች ነን፤ የፕሮስቴት ካንሰር የያዘንም በአንድ ዓመት ነው። እሱን በጨረር አከሙት፤ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ራሱ እዚያው አለ። የእኔን ግን በቀዶ ሕክምና አወጡት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በየጥቂት ወሩ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ እናደርጋለን፤ ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱ የሚጠረጠረው በዚያ ቁጥር ነው። በሽታውን እኩል ተካፈልን፣ የሰው ፍቅር ግን ሁሉ ለይመር ሆነ። እሱ ሲታመም ሽማግሌዎች በየተራ እየሄዱ ጸለዩለት፣ ዘማሪዎች ሳሎኑ ድረስ ሄደው ዘመሩለት። እኔ ጋ የመጡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም የይመር ቤት መስሏቸው በሬን ስላንኳኩ። እኔ ነጭናጫ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ነጭናጫ በሽተኛ መጠየቅ ማንም አይወድም።

ይሁንና ያን እሑድ እኔም ኪሴ ውስጥ ወረቀት ነበረኝ። ረቡዕ ከላቦራቶሪ የተቀበልኩት ነው፤ ዜሮ ነጥብ ሦስት ይላል። ለሐኪሜ ለዶክተር ሃና የማሳየው በሚቀጥለው ሐሙስ ነበር። ግን ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ሠላሳ ዓመት በየሰፈሩ እየዞርኩ የመብራት ቆጣሪ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ማንበብ ለእኔ አይነገርም። ዜሮ ነጥብ ሦስት ከአንድ ነጥብ አራት ያንሳል። ከማን አንሼ ብዬ ተነሣሁ።

«ወንድሜ ይመር አንድ ነጥብ አራት ነው ያለው፤ የእኔን ደግሞ ስሙ» አልኩ ማይክራፎኑን ይዤ። «ዜሮ ነጥብ ሦስት።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዓይኔ ይመርን ፈለገ። አያጨበጭብም፤ ግንባሩን ቋጥሮ ያየኛል። ምቀኛ አታሳጣኝ አልኩ በሆዴ።

ከሰዓት በኋላ ይመር ቤታችን መጣ። ተናኘ ሻይ አቀረበችለት፤ ለእሱ ስኳሩን ራሷ ነው የምታማስልለት፣ ይህንንም ልብ ብያለሁ።

«በዛብህ፣ የባለፈው ውጤትህ ስንት ነበር?» አለኝ።

«ከዜሮ ነጥብ አንድ በታች።»

«ታዲያ ይኼ ወጣ እንጂ ወረደ ይባላል?» ሻዩን አልነካውም። «እኔ ዕጢው አለኝ፤ ትንሽ ቁጥር አይጠፋም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው አሉኝ። አንተ ግን ወጥቶልሃል። ከየት ይመጣል? ቶሎ ሄደህ አሳያት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ቀናህ እንዴ ይመር?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ተናኘን አመስግኖ ወጣ።

ተናኘ ያን ሳምንት ሙሉ «ሐሙስ ቀጠሮህ ነው» እያለች ጎተጎተችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሄጄ መጥፎ ነው ብባልስ? በጉባኤ ፊት የመሰከርኩትን ልመልሰው ነው? ይመር ትክክል ሆኖ ሊወጣ ነው? ከዚህስ ባላውቀው ይሻለኛል አልኩ። እሑድ እሑድ ሰዎች «ዜሮ ነጥብ ሦስት!» እያሉ እጄን ይጨብጡኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ይመርን ሰላምታ ነሣሁት።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ተናኘ «ካልሄድክ እኔው መድረክ ላይ ወጥቼ እናገራለሁ» አለችኝ። እንደምታደርገው ስለማውቅ ሄጄ ደም ሰጠሁ። አንድ ነጥብ ሁለት ሆኖ መጣ።

ዶክተር ሃና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አነበበቻቸው። «አባባ፣ ዕጢው የወጣለት ሰው ይኼ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ዜሮ ነጥብ ሁለት ከደረሰና በድጋሚ ምርመራም እንደዚያው ከሆነ፣ የሆነ ቦታ የቀረ የካንሰር ሕዋስ እየሠራ ነው ብለን እንጠረጥራለን» አለችኝ።

ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም። መስመሩ የተቆረጠ ቤት ሄጄ ቆጣሪው ሲዞር ስንቴ አግኝቻለሁ። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብዬ አልፌ አላውቅም፤ ሰው በድብቅ ቀጥሎታል ማለት ነውና ወዲያውኑ ሪፖርት አደርግ ነበር። በሰው ቤት የማውቀውን በራሴ ገላ ላይ አላየሁትም። ዓይኔ ያን ሁሉ ጊዜ የይመር ቁጥር ላይ ነበር።

«ሕክምና የለውም?» አለች ተናኘ።

«አለው። መጀመሪያ የት እንዳለ በምስል እንፈልጋለን፣ ከዚያ ጨረርና የሆርሞን መርፌ እናስባለን። ግን ጨረሩ የበለጠ የሚረዳው ቁጥሩ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ነው። ያኔ ቢመጡ ጥሩ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «እንዲመጡ የነገረዎት ሰው አልነበረም?»

«ማንም አልነገረኝም» አልኩ።

«ይመር ነግሮት ነበር» አለች ተናኘ፣ እኔን ሳታይ።

ታክሲ ውስጥ ከእኔ ርቃ ተቀመጠች። ፌርማታው ላይ ስንወርድ እሷ ወደ ቤት ገባች፤ እኔ የይመርን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ እንዴት እንደምለው መንገዱን ሁሉ ሳጠና ነበር የመጣሁት። ራሱ ከፈተልኝ፤ ሐኪም ቤት መሄዳችንን ተናኘ ነግራው ኖሯል።

«ስንት ሆነ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ክንዴን ይዞ አስገባኝና አስቀመጠኝ። ጨረር እንደማያም፣ ውኃ ጠጥቶ መግባት እንደሚያስፈልግ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ድካሙ እንደሚከብድ ነገረኝ። «አብሬህ እመላለሳለሁ፤ ብቻህን አትሄድም» አለ። እኔ ያጠናሁትን ይቅርታ ትቼ ሌላ ነገር ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

«ያንተስ ስንት ደረሰ?»

«መጀመሪያ ያንተን እንጨርስ» አለ። ደግሜ ጠየቅሁት።

«ዜሮ ነጥብ ሰባት» አለ ቀስ ብሎ።

«መቼ?»

«ሦስት ወር ሆነው።»

ሦስት ወር ማለት አሥራ ሁለት እሑድ ነው። በአንዱም እሑድ መድረክ ላይ አላየሁትም። «ለምን አልመሰከርክም?» አልኩት።

«አንተ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠህ?» አለ። «ያንተ ነገር ሳይለይ ልቤ እሺ አላለኝም።»

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወለሉን አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ እዚያም ተቀምጬ ቀናሁበት። ዜሮ ነጥብ ሰባቱ የእኔ ቢሆን ኖሮ በቀጣዩ እሑድ ማይክራፎኑን ይዤ እገኝ ነበር።