ከሠርግ ፎቶ የተቆረጠችው እናቴ

ሪያድ ዑረይጃ ሰፈር የምሠራበት ቤት ውስጥ ሦስት ካርቶን ሙሉ የድሮ ፎቶ ነበር። ማዳሜ ኮምፒውተር ላይ ልታስገባው ከፈለገች ቆይታለች፤ ግን ሴቶቹ ሁሉ ሳይሸፋፈኑ የተነሱት ስለሆነ፣ ወንድ ወደሚሠራበት ፎቶ ቤት መላክ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ስካነር ገዛችና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ላይ የማይወድቅ ምን አለ? ልጇ አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ፤ መስታወቱን መወልወል፣ ፎቶውን በፊቱ መድፋት፣ እድፉን በኮምፒውተር ማጽዳት፣ በየዓመቱ ለይቶ ማስቀመጥ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ምንጣፍ ከመጥረግ በስንት ጣዕሙ።

ካርቶኖቹ ሲያልቁ፣ «ማዳም፣ የእኔንም ቤተሰብ ፎቶ ላስገባ?» አልኳት።

«ያላ፣ አስገቢ» አለችኝ።

የአገሬ ልጅ ሐና ለእረፍት ወልዲያ ሄዳ ስትመለስ፣ እናቴ ቤት ያለውን ፎቶ ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። አምጪልኝ ያልኳት ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ወንድሜ ታምሩ እዚሁ ሪያድ ጀራዲያ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ከእናታችን ከእናናዬ ጋር ግን ከተነጋገሩ አራት ዓመት አለፋቸው። ሳይነግራት በባሕር ወጣ። የመን ላይ ድምፁ ሲጠፋ ሞቷል ብላ ሦስት ወር አለቀሰች። ሪያድ ገብቶ ሲደውልላት፣ «እኔ በቁምህ ቀብሬሃለሁ፤ አንተ ግን እኔን እንዳትቀብረኝ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እሱም ያው የእሷ ልጅ አይደል? ይቅርታ ከመለመን መደወሉን መተው መረጠ። ስለ እሷ ላወራው ስሞክር፣ «ኸላስ እህቴ፣ ሌላ ወሬ አምጪ» ይለኛል።

እናናዬ ደግሞ ዘንድሮ ደክማለች፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሄደው ሰው ደግፏት ነው። ሳይታረቁ ብትሞትስ? ይህ ሐሳብ ልብስ ስተኩስም፣ ዕቃ ሳጥብም አይለቀኝም። ታምሩ ፊቷን ቢያይ ሆዱ ይባባል አልኩ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አለ፤ አንድ ቃል ጽፎ ባያውቅም ሁሉንም እያየ ነው የሚያልፈው።

ችግሩ፣ እናናዬ ፎቶ መነሳት አትወድም። ከዚያ ሁሉ ክምር ፊቷ በደንብ የሚታየው አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ አክስቴ ወለተ ገብርኤል ስትዳር፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ሰው መሃል ቆማ፣ ልትስቅ ስትል። እሱንም እርጥበት ነክቶት ወይቧል። ከሰዉ መሃል ቆርጬ አወጣኋትና አጎላኋት። እድፉ አልለቅ ሲለኝ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፤ እድፉ ድራሹ ጠፋ። ጠርዙ ወጣ ገባ ስለሆነብኝ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አሰመርኩለት። እንዴት አማረችብኝ! ግሩፑ ላይ ላክኩት። ከሥሩ «ታምሩ፣ እናትህን እያት» ብዬ ልጽፍ ስል ማዳሜ ተጣራች፤ እንግዳ መጥቷል። ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼ ሮጥኩ።

እንግዶቹን ሸኝተን ስመለስ ስልኬ በጥሪ ተጨናንቆ ጠበቀኝ። ቴሌግራሙን ከፈትኩ። «ነፍስ ይማር።» «ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልን።» ሌላ ከተማ የምትኖረው አክስቴ በድምፅ ልካለች፤ ስከፍተው ዋይታ ነው፣ ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ ያለቅሳል። እናቴ ሞታ እኔ ለእንግዳ ሻይ ስቀዳ ነበር ማለት ነው! እያለቀስኩ ማን እንዳረዳቸው ለማየት ወደ ላይ ወጣሁ። ከሁሉም በላይ ያለው እኔ የላክኩት ፎቶ ነው።

ለብቻዋ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በጥቁር መስመር ታጥራ፣ አንድ ቃል ሳይጻፍባት። እኛ አገር ሰው ሲሞት ነው እንዲህ ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የሚወጣው። ይህን አጥቼው ነው? የስንቱን ፎቶ እንዲህ ሆኖ አይቼ አልቅሻለሁ። የገዛ እናቴን በእጄ ገደልኳት!

«አልሞተችም! ወላሂ አልሞተችም!» ብዬ ጻፍኩ፤ ክርስቲያን መሆኔንም ረሳሁት። ታምሩ ጋ ደወልኩ፤ ተይዟል። እንደገና ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል። ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ላስታርቅ ብዬ ወንድሜን ጨርሼው ቢሆንስ?

በመጨረሻ ራሱ ደወለ። ያለቅሳል፣ ደግሞ ይስቃል።

«ስንቅነሽ፣ አንቺ ጉደኛ!»

«ታምሩዬ፣ ይቅር በለኝ። እድፉን ላጠፋ ብዬ ነው።»

«ቆይ ስሚኝ። ስልክ አላነሳ ስትዪ ራስሽን ስተሽ ወድቀሻል አልኩ። እናናዬ ስልክ ላይ ደወልኩ፤ መቼም ጎረቤት ይይዘዋል ብዬ። አንዲት ሴት አነሳች። ‹የእናናዬ ልጅ ነኝ፤ ቀብሩን አቆዩልኝ፣ እጄን ለፖሊስ ሰጥቼ ተርሂል እስር ቤት ገብቼም ቢሆን ይጠርዙኝና እመጣለሁ› አልኳት። ‹የማን ቀብር?› አለችኝ። ‹የእናቴ› አልኩ።»

 

«ከዚያስ?»

«‹ታምሩ?› አለች። ያን ጊዜ ድምፅዋን ለየሁት። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎቶውን፣ ለቅሶውን።»

«ተቆጣችህ?»

«‹እኔ ሦስት ወር አልቅሼልሃለሁ፤ አንተ አንድ ከሰዓት እንኳ ሳትሞላ እንዲህ ሆንክ?› አለችኝ። ከዚያ እሷም ማልቀስ ጀመረች።»

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«‹በል ለማንም እጅህን እንዳትሰጥ፤ ዛሬ አልሞትኩም› አለችኝ። ‹ስሞት ግን መጥተህ ቅበረኝ።›»