በጆንያ የተጠቀለለችው ጽጌረዳ

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ጽጌረዳ የአብዮት ጠላት የሆነችው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሰኔ ገብቶ የጉለሌ አፈር ሲርስ፣ እኔና ባለቤቴ፣ የዓለምወርቅ፣ ድንቹን እየኮተኮትን፣ የጽጌረዳዋን ደረቅ ቅርንጫፍ እየቆረጥን ደስ ብሎን ነበር። ጽጌረዳዋን የተከሏት የባለቤቴ ሟች እናት ናቸው።

ሰኞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቶለሳ መጣና፣ «አበባ አይበላም! እዚህ መደብ ላይ ጎመን ትከሉ» አለ። ነቅለን ተከልን። የዓለምወርቅ ግን የጽጌረዳዋን ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ጓዳ ደበቀቻት።

ሐሙስ ያው ሰውዬ አጥሩ ላይ ቆመ።

«እንግዶች በዚህ ያልፋሉ። አበባው የታለ?»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያስነቀልከን?»

«ጎመን ትከሉ አልኩ እንጂ ንቀሉ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?»

«ታዲያ ጎመኑን የት ልተክለው ነበር፣ ጓድ? አናትህ ላይ?»

«የበላይ አካል ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብሎ ሄደ።

«እውነቱን እኮ ነው፣ ንቀሉ አላለም» አለችኝ የዓለምወርቅ። ይባስ ግራ ገባኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አልተመለሰም። ጽጌረዳዋ ቅጠሏን እያረገፈች ነው። የዓለምወርቅ አካፋውን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።

ነገ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ጓድ ቶለሳ በሕዝብ ፊት ይመልስልኝ፤ በዚያች መደብ ላይ የሚተከለው የትኛው ነው?