የሁለተኛው ወንበር ተረኛ

"ተረኛ!" አለ አዲሱ ፀጉር ቆራጭ፣ ለአራተኛ ጊዜ። ነጩን ጨርቅ አራግፎ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገና ወደ አግዳሚው ዞረ። አግዳሚው ላይ ስምንት ወንዶች ተደርድረዋል። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ጣራውን ያያል፣ አንዱ ደግሞ ድንገት የጫማው ማሰሪያ ትዝ ብሎት አጎንብሷል። የተነሳ ሰው የለም።

"እኔ አባ መቀስን ነው የምጠብቀው" አለ አንዱ፣ ሳይጠየቅ።

"እኔም።"

"እኔ እንኳ አልቸኩልም።"

አልቸኩልም ያለው ጎሚስታው ነው። ውሸቱን ነው። ነገ ልጁን ይድራል፤ በአስር ሰዓት ፎቶ አንሺው ቤቱ ይጠብቀዋል። ልጁ እስካሁን ሦስት ጊዜ ደውላ "አባዬ፣ የት ደረስክ?" ብላዋለች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ከፊቱም አራት ሰው አለ። ቅዳሜ ነው፣ የሠርግ ዋዜማ ነው፣ ሁለት ወንበር ባለው ፀጉር ቤት ውስጥ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው።

አባ መቀስ የደንበኛውን ማጅራት እያስተካከለ ይህን ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ያያል። የቤቱ ባለቤት ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ወሬ ሲጀምር መቀሱ ፀጉር ባያገኝ እንኳ አየሩን ቸክ ቸክ ያደርገዋል። ዛሬ ግን መቀሱ ከፀጉር ውጪ ድምፅ የለውም። አባ መቀስ ሲናደድ እንዲህ ነው።

አዲሱን ያገኘው መናኸሪያው አጥር ሥር ነበር። አንድ የላስቲክ ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ይዞ መንገደኛ ይላጫል። አባ መቀስ ቆሞ እጁን አየ፤ ወይ እጅ! ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሲኖር እንዲህ ያለ ቀላል እጅ አላየም። እዚያው ቀጠረው። ሰኞ ዕለት ሁለት ደንበኛ ተቀመጠለት። ሁለተኛውን "ውሃው ቀዝቅዞብዎት ይሆን?" ብሎ ሲጠይቅ ግን ንግግሩ ከየት እንደሆነ አስታወቀበት። ወገኑ ከወንዙ ማዶ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወሬው ከወንበር ወደ አግዳሚ፣ ከአግዳሚ ወደ መንገድ ወጣ፤ ማክሰኞ የመጣለት ሰው አልነበረም።

አምና በወንዙ ግራና ቀኝ የሆነውን የማያውቅ የለም። ከዚህኛው ወገን የሆኑት ከዚያ ተባረሩ፤ የጎሚስታው ወንድም አሥራ አንድ ዓመት ያፈራውን ጥሎ በለበሰው ልብስ ብቻ መጣ። ከዚያኛው ወገን ሆነው ከወንዙ ወዲህ ይኖሩ የነበሩት ደግሞ ቤታቸው ተቃጠለ። አዲሱ ከነዚህ አንዱ ነው። ቤቱን ያቃጠሉት ሰዎች የሚናገሩት የዚህን ፀጉር ቤት ቋንቋ ነው፤ እሱ ግን ነገሩን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ብቻ እንዲህ አለ፦ "ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ አንድ ሰው እንኳ ካልተቀመጠልኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። በኔ የተነሳ ደንበኛ አይሽሽብዎት።"

"ወዴት ነው የምትሄደው?"

"እሱን አላውቅም። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ ከመውለዷ በፊት አንድ ቦታ መርጋት ነበረብን።"

እንግዲህ ቅዳሜ ደርሷል፣ ቀኑም እያለቀ ነው።

አባ መቀስ ማጅራቱን ጨርሶ ጎሚስታውን ጠራው። "አንተ ሰው፣ ልጅህ ስልኩን አቃጠለችው እኮ። ለምን እሱ ጋ አትቀመጥም?"

"አንገቴን? ለሱ?" ጎሚስታው ድምፁን ዝቅ ያደረገ መሰለው፤ ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ሹክሹክታው እስከ መንገድ ይሰማል። "ወንድሜን ምን እንዳደረጉት ረሳኸው?"

"ይሄ ሰውዬ ነው ያባረረው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሁሉም ያው ናቸው።"

"በረዶው አገር ያ ነጭ ፀጉር ቆራጭ 'ማሽናችን ለናንተ ፀጉር አይሆንም' ሲለኝ ምን ትል ነበር?"

ይህን ታሪክ በዚህ ቤት የማያውቅ የለም። አባ መቀስ አሥራ ስድስት ዓመት ሰው አገር ኖሯል። በረዶው አገር ፀጉሩን ሊቆረጥ ገባ፤ ባለሱቁ ጥርሱን በሙሉ አሳይቶ እየሳቀ መለሰው። "ያ ማሽን እኮ በግ ይሸልታል!" ይላል አባ መቀስ ሁልጊዜ፣ ቤቱም ሁልጊዜ ይስቃል። ቀጥሎ አሸዋው አገር ሄደ። እዚያ የፀጉሩን ነገር ያነሳበት አልነበረም፤ የሚጠየቀው ፓስፖርቱን ነበር። ያንድ አገር ሰው ሀብታሞቹን ይላጫል፣ የሌላው አገር ሰው ሾፌሮቹን፣ እሱ ደግሞ ግንበኞቹን፤ ምላጩ አንድ፣ ሳሙናው አንድ፣ ደመወዙ ግን እንደ ፓስፖርቱ ነው። ይህ በተወራ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚንገበገበው ደግሞ ጎሚስታው ነበር።

"ያማ ዘረኝነት ነው!" አለ ዛሬም፣ ጉልበቱን እየመታ።

"ይሄስ?"

"ይሄማ ጥንቃቄ ነው።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጎሚስታው ግን አልሳቀም፣ ከልቡ ነው የተናገረው። አዲሱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ንጹሑን መስታወት እንደገና መወልወል ጀመረ።

በዚህ መሐል የአባ መቀስ ባለቤት በጓሮ በር ብቅ አለች። መኖሪያቸው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ነው፤ ፎጣውን የምታጥበው እሷ ናት። "አንዴ ና" አለችው።

"ሥራ ላይ ነኝ እኮ።"

"አየሁህ። ና።"

ጓሮ ወጣ። በገመዱ ላይ የሱ ፎጣዎች ተሰጥተዋል። ቅርጫቱ ውስጥ ደግሞ ስድስት ፎጣ እንደታጠፈ ተቀምጧል።

"እነዚህን ሰኞ ለአዲሱ ሰጠሁት። ከሁለቱ በቀር ውሃ የነካው የለም። እነሱንም ማክሰኞ አጥቤ መለስኩለት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነኩም፤ ዛሬ ይኸው እንደታጠፉ አመጣኋቸው።"

"እና ምን ላድርግ? አስሬ ላስቀምጥለት? ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ የበረዶውን አገር ነገርኳቸው..."

"ኧረ በረዶውን ተወው፣ እኔ ራሴ በረደኝ! ጠዋት ማን ላጨህ?"

"እንዴት ማን ላጨህ? ራሴ ነኛ።"

"ትናንትስ?"

አባ መቀስ እጁን አገጩ ላይ አደረገ።

"የድሮው ሠራተኛህ እያለ አንድ ቀን ራስህን ላጭተህ ታውቃለህ? ሱቁን ስትከፍቱ እሱ አንተን፣ አንተ እሱን ነበር። 'ፀጉር ቆራጭ ራሱን ከላጨ ሥራ ፈቷል ማለት ነው' የምትል አንተ አይደለህም? ይሄ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ በኔ በትንሿ መስታወት፣ መኝታ ቤት በር ዘግተህ!"

"ጊዜ አጥቼ ነው።"

"ተው እንጂ! ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ስምንቱ ሰዎች ዓይን የላቸውም መሰለህ?"

ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ሊቆጣ ፈለገ፣ የሚቆጣበት ነገር አጣ። እውነቷን ነው። በየጠዋቱ ለራሱ "ነገ" ይላል፣ በየጠዋቱ ጉሮሮው ላይ ያ ምላጭ ይታየዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም አልተናገረም።

"ያ በረዶው አገር የቀጠረህ ሽማግሌ" አለች ባለቤቱ፣ አሁን ድምጿን አለስልሳ፣ "የመጀመሪያ ቀን ወንበርህ ላይ ተቀመጠ አላልከኝም?"

"አዎ። እጄን ወዶት ነዋ። ላጨኝ አለኝ፣ ላጨሁት።"

"ጢሙ አድጎ ነበር?"

አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የሽማግሌው አገጭ ፊቱ ላይ ድቅን አለ፤ ልሙጥ፣ ቀላ ያለ፣ የጠዋት ሳሙና የሚሸት። ቤቱ ሙሉ ነበር። የዚያ አገር ሰዎች ጋዜጣ ዘርግተው በግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል፤ የሱ ወንበር ባዶ ነበር። ሽማግሌው ከጓዳ ወጥቶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ ሰው ሁሉ እያየው መጥቶ ተቀመጠና አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ። አባ መቀስ ይህን ሁሉ ዓመት የእጁን ሙያ ለማስወራት ሲተርከው የኖረው ይህን ነው።

"የሚላጭ ነገር አልነበረውም" አለ ቀስ ብሎ።

"እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለችና ከቅርጫቱ አንዱን ፎጣ አንስታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። "በል ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል።"

ሲመለስ ተረኛው የለመደው አንደኛ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ጠብቆታል። አባ መቀስ አልፎት ሄደ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፎጣውን ለአዲሱ ዘረጋለት።

"ላጨኝ።"

አዲሱ በመስታወቱ አየው። "ጋሼ፣ ጢምዎ እኮ ተላጭቷል።"

"የላጨሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በደንብ አልተላጨም።"

አዲሱ ምላጩን ቀየረ፣ በአልኮል ጠረገ፣ አረፋውን አሸ። አባ መቀስ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ይህን ሰው ስድስት ቀን ሙሉ እንደፈራው ያን ጊዜ ገባው፣ አፈረም። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ተሰማው። ያ ቀላል እጅ ይንቀጠቀጣል።

"ምን ሆነሃል?" አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

"ፈርቼ ነው ጋሼ" አለ አዲሱ በጆሮው። "ትንሽ ብጭርዎት ስምንት ሰው ነው የሚነሳብኝ።"

አባ መቀስ ሆዱ በሳቅ ተናጠ። "አታስቀኝ! ያኔ ነው የሚቆርጠኝ።"

አዲሱም ሳቀ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በኋላ እጁ ረጋ። ከአገጭ ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ ጆሮ ግንድ ሲወጣ አባ መቀስ ምላጩን የሚሰማው በድምፁ ብቻ ነበር።

ሲጨርስ አባ መቀስ ተነስቶ ፊቱን ወደ አግዳሚው አዞረና ጉንጩን በእጁ ዳበሰ። የበረዶውንም የአሸዋውንም አገር አላነሳም። ወደ ወንበሩ ተመልሶ የሚጠብቀውን ሰው መቁረጥ ጀመረ።

"ተረኛ!" አለ አዲሱ፣ ለአምስተኛ ጊዜ።

ከጎሚስታው የሚቀድሙት ሦስቱ ተረኞች ጫማቸውን አዩ። የአባ መቀስ መቀስ ቆመ። ያን ጊዜ የጎሚስታው ስልክ ጮኸ።

"አባዬ! ፎቶ አንሺው መጣ እኮ! የት ነህ?" የልጁን ድምፅ ሰው ሁሉ ሰማው።

ጎሚስታው ብድግ አለ። በሩን አየ። የአባ መቀስን ጉንጭ አየ። ከዚያ አዲሱን አየው፤ አዲሱ ጨርቁን እንደዘረጋ ቆሟል፣ ዓይኑን አልሰበረም፣ አልለመነም።

"ወንበር ላይ ነኝ የኔ ልጅ" አላት ጎሚስታው፣ ገና መሐል ወለል ላይ ቆሞ ሳለ። "አሁን መጣሁ።"

ስልኩን ዘጋና ለልጁ የነገራትን እውነት ሊያደርገው ሄደ። ሁለተኛው ወንበር ከክብደቱ የተነሳ ሲጥ አለ። አዲሱ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሲያስርለት ጎሚስታው የወንበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ስማ" አለው በመስታወቱ እያየው፣ "ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ቀስ በል። ይነዝረኛል።"

"እሺ ጋሼ" አለ አዲሱ፣ ጢሙን በውሃ እያራሰ። "ውሃው ቀዝቅዞብዎት ይሆን?"

"ደህና ነው" አለ ጎሚስታው፣ አንገቱንም ወደ ኋላ ጣለ።