በስንት ፊት የወጣች ፀሐይ

ፌንጣ የሚሏት አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት ነው። ያን ቀን ግን ከምሳ ጀምሮ ከወንድሟ ጎን በርጩማ ላይ ተተክላለች፤ ዓይኗን ከላፕቶፑ አልነቀለችም። ከበሩ ወዲያ፣ እንዲያርፍ ተብሎ መጋረጃው በተዘጋበት ክፍል፣ አባቷ ተኝቷል።

አባት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ቃላት ከአፉ እንደተቀደደ ከረጢት ይዘረገፋሉ። ውሃ፣ ዝናብ፣ እሺ፣ ወንበር፣ እናቴ። ራስና ጅራት የላቸውም። ንግግር የምታለማምደው ሐኪም ነገር አላድበሰበሰችም። «አፉ ላይ የመጣለትን ብቻ የሚለቅ ከሆነ እሱን ማድከም ነው፣ ልምምዱን አቆማለሁ። መርጦ የሚመላለስበት አንድ ቃል ካለ ግን ሰውየው እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። አስቡበትና ነገ ንገሩኝ» ብላ ሄደች።

ደግነቱ እናት፣ ወንድምና ፌንጣ በየተራ አጠገቡ ሲቀመጡ፣ ያለውን ሁሉ በቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተር የተማረው ወንድሟ ቃላቱን ገልብጦ በረጅሙ አሰለፋቸው።

«ይሄ አሬይ ይባላል» አላት።

«ሰልፍ ነው በለኝና እረፍ።»

ቀጥሎ ስክሪፕት የሚሉትን አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ጻፈ። ቃል ሲሰጡት ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሽና ቃሉ ስንት ጊዜ እንዳለ ይናገራል። ወንድሟ በመጀመሪያ የሞከረው «ና» የሚለውን ነበር፤ ማሽኑ ሁለት መቶ ሦስት አለ።

«ና እያለኝ ነው» አለ ወንድም፤ ድምፁ ተሰበረ።

ፌንጣ አንገቷን አሰገገች። «እኔ ስቀመጥ ና ሲል ሰምቼው አላውቅም። ማሽንህ እናቴ ውስጥ ያለውን ና፣ ዝናብ ውስጥ ያለውን ና እየለቀመ እንዳይሆን።»

ሆኖ ተገኘ። ወንድም ጆሮው እየጋለ አንዲት መስመር ለወጠ፤ ከእንግዲህ ቃሉ ልክ በልክ፣ ፊደል በፊደል ካልገጠመ አይቆጠርም። ና ወዲያው ወደ ሁለት ወረደች። ውሃ ስድስት፣ እሺ ዘጠኝ፣ ወንበር አራት፣ ፀሐይ ሰባት። ሁሉም ትከሻ ለትከሻ፣ አንዱም ከሌላው ቀና ያላለ።

«በቃ» አለና እጁን ሰበሰበ። «የሚያወራው ነፋስ ነው።»

«አባዬን ነፋስ አትበለው።»

እናት የታጠበ አንሶላ ታቅፋ ገባች። «ተገኘ ልጆቼ?»

ፌንጣ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። «እስቲ እኔ ልጠይቀው።»

«ፊደል እየበላሽ ልታሳብጂው ነው።»

«ከበላሁ የምጠግበው እኔ።»

እጇ ላይ የመጣላትን ቃል መታች፦ ፀሃይ። አሥራ አንድ።

«ወንድምዬ፣ ቅድም ሰባት አላለህም?»

«ሌላ ቃል ይሆናላ።»

«ስንት ፀሐይ ታውቃለህ?»

ወንድም ጎንበስ ብሎ አፈጠጠ። «አንቺ በሃ ነው የጻፍሽው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ በሐመሩ ሐ።»

«እኔ ደግሞ በጸሎቱ ጸ» አለች እናት ከኋላቸው።

«በፀሐዩ ፀ ነው እማ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል እኮ።»

«እኔ ስጽፍ እየጸለይኩ ነው፣ ልጄ።»

ፌንጣ እናቷ እንደምትጽፈው መታችው፦ ጸሀይ። አሥራ አራት።

ማሽኑ አላጠፋም። ልክ በልክ ብለውት ልክ በልክ ሠራ። ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም፤ ሦስት ሰው የሰማውን አንድ ድምፅ እንደ ሦስት እንግዳ እያየ ለየብቻ አስቀምጦታል። ወንድም ሐንም፣ ኀንም፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ መስመር ጨመረ። ሰልፉ በሙሉ ልብሱን ቀይሮ እንደገና አለፈ።

ሠላሳ ስምንት፤ ሲቻኮሉ ፊደል አቀያይረው የጻፏቸው ስድስት ሌሎችም ተደብቀው ኖረዋል። እሺ አሁንም ዘጠኝ ናት።

ፌንጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ጀርባዋ ላይ ቅዝቃዜ እንደ ጉንዳን ሲወጣ ተሰማት። ሲዘንብ የኖረ የቃል ዶፍ ነበር የመሰላት። ለካ ከዶፉ ሥር አንድ ሰው አንዲት በር ይዞ ሲያንኳኳ ከርሟል። እሷ በተራዋ ሰማች፣ ወንድሟ በተራው፣ እናቷ በተራዋ፤ ሁሉም በየራሱ ፊደል ጽፎ ለየብቻ አሳለፈው።

«የሰው ቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ የኖረ ሰው» አለች እናት ለራሷ እንደምትናገር። «ጀርባው ፀሐይ ሳይጠጣ የዋለበትን ቀን አላውቅም። እኛ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቀበርነው።»

አንሶላውን ወንበር ላይ ጥላ ገባች። ልጆቿ ተከተሏት። መስኮቱ ሁለት መጋረጃ አለው፤ የቀኙን ገለጠችው። ብርሃኑ ወለሉን ተሻግሮ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ እስከ አባት ጉልበት ደረሰ። ከንፈሩ ተላወሰ። ፌንጣ ያቺኑ ቃል ስትጠብቅ ትንፋሿን ዋጠች። አልመጣችም። አባት ብርድ ልብሱ ላይ ያረፈውን ብርሃን አየ፣ ቀጥሎ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ግራው መጋረጃ አዞረ።

«ያኛውንም» አለ።

እናት ሳበችው። ክፍሉ ጥግ ድረስ ነጣ።

«ይሄ ቃል ሰልፉ ውስጥ የለም» አለ ወንድም በሹክሹክታ። «አንድም ጊዜ።»

«ቁጥርህን ለነገ ለሐኪሟ አቆየው» አለች ፌንጣ። ጉንጯ ርሷል፤ አልጠረገችውም። «አሁን ያንን ጫፍ ያዝ፣ አልጋውን እንግፋው። ፀሐይ ፊቱ ጋ ገና አልደረሰችም።»