ቁጥርና ማኅተም ያለው ሐዘን

ለገሠ አዳማ ሄዶ ሦስት ቀን ሠለጠነና አንድ የምስክር ወረቀት፣ አንድ ቦርሳ፣ «ቀላልና አዝናኝ የቡድን ግንባታ ጨዋታዎች» የምትል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዞ ሐረር ተመለሰ። የመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ነውና ማንንም አልገረመም። ሠራተኛው የተገረመው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሁለት ሰው ጀጎል ግንብ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንዱ ዓይኑን ታስሮ ይሄዳል የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው። «ዓላማው በባልደረቦች መካከል መተማመንን ማሳደግ ነው» ይላል ማስታወቂያው። ውሸቱን ነው። ዓላማው ሥርጉትን ማናገር ነበር።

ሥርጉት ከጠረጴዛው ሁለት ክንድ ርቃ የምትቀመጥ ባልደረባው ናት። ስምንት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም፤ ተጻጽፈዋል እንጂ። እሷ ስቴፕለር ስትፈልግ «ጉዳዩ፦ ስቴፕለር ስለመጠየቅ» ብላ ትጽፋለች። እሱ «ተፈቅዷል» ብሎ ይመራበታል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ ወረቀቱን ካንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያሻግርና ያስፈርማል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለገሠ አሳምሮ ያውቃል። ሥርጉት ወንድሟ ሞቶባት ከሥራ ስትቀር፣ ሳይጠይቅ ሳያጣራ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ነገሩን ሲሰማ ክው አለ። ታዲያ ምን አደረገ? ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። «ወንድምዎ ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ማስጠንቀቂያው የተሻረ መሆኑን እናስታውቃለን።» ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ ለመዝገብ ቤት ግልባጭ። ለቅሶውን ግን ሳይደርስ ቀረ።

የሰው ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ተወልዶ ባደገበት ደብረ ብርሃንም፣ አሥራ አንድ ዓመት በኖረበት ሐረርም ያውቀዋል። ግን ሰው ፊት ቆሞ የሚለው ሲጠፋው እጁ ወደ እስክሪብቶ ይሮጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያለ ራሱን ሲሸነግል ከረመ። አሁን ሥርጉት ወደ ድሬዳዋ ልትዛወር አንድ ሳምንት ቀራት። እና ሁለት ክንድ ተራምዶ «ይቅርታ» ማለት የከበደው ጀግና፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰው በሙሉ ከቅዳሜ እንቅልፉ ቀስቅሶ ፈረስ መጋላ አደባባይ አቆመው።

ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር የሚለየውን ዕጣ ራሱ አዘጋጀ፣ ራሱ አጭበረበረ። የሥርጉትን ስም የያዘችውን ወረቀት ጫፏን ቆንጥሮላት ስለነበር በጣቱ ዳብሶ አወጣትና «እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከራሱ በቀር ማንም አላመነውም።

ሹፌሩ ዓብዱላሂ በሻሽ ዓይኑን እያሰረለት ሳቀ። «ወላሂ ጋሽ ለገሠ፣ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ሲባል አልሰሙም?»

ጨዋታው ቀላል ነው። ዓይኑ የታሰረው ይሄዳል፤ ጓደኛው ሳይነካው፣ በድምፁ ብቻ ይመራዋል። መንገዱ መኪና ግርግር፣ ማለትም የልብስ ሰፊዎቹ ጠባብ መንገድ ነው፤ መድረሻው የጊድር መጋላ ገበያ። የዘጋ ሰው አፍ ለማስከፈት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም ብሎ ነበር ለገሠ። ዝም ብትልስ የሚለውን አላሰበበትም።

ዝም አለች። አሥር ርምጃ እንደሄደ ግንባሩ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። የስፌት መኪኖቹ ባንዴ ቆሙና ሰፊዎቹ ሳቁበት።

«ግራ» አለች ሥርጉት ከኋላው።

ስምንት ወር የጠበቃት ቃል «ግራ» ሆነች። ወደ ግራ ዞረ።

«ቀጥ ብለህ ሂድ። ደረጃ አለ። አሁን ቁም።»

«ምንድን ነው?»

«አህያ።»

አህያዋ ጭነቷን ደረቱ ላይ አሽታበት አለፈች። የሥርጉትን ፊት ስለማያይ ይሁን በሌላ፣ የለገሠ አፍ ተከፈተ።

«ሥርጉት፣ ለቅሶ ያልመጣሁት አፍሬ ነው። ያንን ማስጠንቀቂያ ጽፌ በየት ፊቴ ልግባ ብዬ... ደብዳቤ አልነበረም መላክ የነበረብኝ። መምጣት ነበረብኝ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«የማን?»

«የወንድሜ።»

ደብዳቤው ላይ «ወንድምዎ» ብሎ ነው የጻፈው። ስሙን ማንንም አልጠየቀም።

«አላውቅም» አለ።

«ሚልኪያስ። እናቴ ደብዳቤህን አንብቢልኝ ብላኝ ሁለቴ አነበብኩላት። ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚቀመጠው አለችኝ። አጠገቤ አልኳት። አላመነችኝም አቦ።»

ለገሠን ከግድግዳው የባሰ ነገር መታው። እጁ ወደ ኪሱ እስክሪብቶ ሮጠ፤ የሚጽፍበት ግን አልነበረም።

«ቀኝ» አለች።

«ጊድር መጋላ በቀጥታ አይደለም እንዴ?»

«ማመን ነው አላልክም? ቀኝ ነው የምልህ።»

ዞረ። የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ከኋላው እየራቀ ሄደ። አንድ ቁልቁለት ወረደ፣ ሁለቴ ተደናቀፈ፣ «ዝቅ በል» ስትለው ጎንበስ ብሎ በሆነ በር ገባ።

«አሁን ፍታው።»

ሻሹን ሲፈታ፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊት መደብ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እማዬ፣ ደብዳቤ የጻፈው ሰውዬ ይሄ ነው» አለች ሥርጉት።

እማማ ዘነበች ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ለገሠ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ «የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን...» ብሎ ጀመረና በገዛ ድምፁ አፍሮ ቆመ።

አሮጊቷ ግንባሩን ትኩር ብለው አዩት። «ቀና በል እስቲ ልጄ። ምን መታህ?»

ይሄኔ አልቻለም። እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሚልኪያስን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ቢሆንም ስሙን እየጠራ አለቀሰለት። እማማ ዘነበችም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አብረውት አለቀሱ። ጊድር መጋላ ላይ ሃያ ሰው ኃላፊውን እየጠበቀ ነበር፤ ይጠብቅ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ በመጨረሻ።

«አሜን።» እማማ ዘነበች እንባቸውን ጠርገው ፈገግ አሉ። «ይቺን ለማለት ነው ስምንት ወር የፈጀብህ?»