ፍሳሽና ፈሳሽ

ይሁኔ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከጂንካ ወደ ገዘር በሚሄደው ሚኒባስ ተጣብቦ ሲጓዝ አንድ ነገር ያብሰለስል ነበር። ሽማግሌ ልኮ ራሱ የሚጠራ ሰው፣ እንዲያው ምን ይሉታል! ኤሊን ለትዳር ሊጠይቁለት የሄዱት ሰዎች ይዘው የተመለሱት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አባቷ ኤርሳዶ «ልጁን ራሱን ላኩልኝ» ብለዋል።

ኤርሳዶ የታወቁ የማር ነጋዴ ናቸው። ይሁኔ ገና ከመቀመጡ፣ የፍሳሽ መኪናዋ የራሱ ትሁን የማዘጋጃ ቤት ጠየቁት። ግራ ገባው። ለካስ ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ሣህሌ፣ እግዜር ይይላቸው፣ «ፈሳሽ ያጠናል» በሉ የተባሉትን «ፍሳሽ ላይ ይሠራል» ብለው አድርሰውታል። ኤርሳዶም ይባስ ብሎ ደስ ብሏቸው ኖሯል፤ ጂንካ እየሰፋች ነው፣ ጉድጓዱም ይሞላል፣ እንዲህ ያለ ሰው መቼም ሥራ አያጣም ብለው።

እውነቱን መናገር ግድ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ እንደሚያስተምር፣ የሚያጠናውም ኳርክ የሚባሉ፣ በአቶም እምብርት ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነገሮች ቀልጠው የሚሆኑትን ፈሳሽ መሆኑን እየተንተባተበ ነገራቸው። ከፀሐይ ልብ የባሰ የጋለ፣ እጅግ የታመቀ፣ ግን ዝልግልግነት የሌለው ያህል ቀጥኖ የሚፈስ። የኤርሳዶ ፊት ጠቆረ። መኪናዋ ቀረች ማለት ነው።

አጠገባቸው ካለው የማር ጣሳ እንጨት ነክረው አወጡና የሚንጠባጠበውን እያዩ አሰቡ። ነገር ሲሞቅ እንደሚቀጥን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ያልተዋጠላቸው መታመቁ ነው።

«የታመቀ ከሆነ ምነው ቀጠነ? በርዘውብሃል» አሉት።

ይሁኔ ሳቁን ዋጠው። ሊቃውንቱም እንደ ጋዝ ይበተናል ብለው ሲጠብቁ እንደ ውሃ ቢፈስባቸው ደንግጠው እንደነበር፣ እሱም እስካሁን ምክንያቱን በቅጡ እንዳልጨበጠው አመነ። በቃ፣ ኤሊን በገዛ አፉ አጣት።

ኤርሳዶ ግን አልለቀቁትም። ነገሩን በዓይኑ አይቶት እንደሆነ ጠየቁት። አላየውም። ባሕር ማዶ በትልቅ ማሽን እንደሚሠሩት፣ እሱም ቢሆን ዓይን ሳይርገበገብ እንደሚጠፋ፣ እዚህ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ መሆኑን አስረዳ።

«ስንት ዓመት ሆነህ እሱን ስትከተል?»

«ዘጠኝ።»

ኤርሳዶ ጓዳው በር ላይ ቆማ ስትሰማ ወደነበረችው ልጃቸው ዞሩ።

«ኤሊ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ለሚጠፋ ነገር ዘጠኝ ዓመት የታገሠ ሰው፣ መቼስ አንቺንም ይችልሻል።»